ስሙ ያልተመዘገበ ኪታብ፦ ዘመናዊ የቤተ መጻሕፍት ሙያና የዑለማዎቻችን ቅርስ

ከፒያሳ ቁልቁል ወርዶ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ ራስ መኮንን ድልድይን ይሻገራል። ከጀርባው አራዳን፣ በተለምዶ በኒ መስጊድ የሚባለውን ኑር መስጊድን፣ እንዲሁም የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት አንባቢ ያስተናግድበት የነበረውን የአድዋ ጎዳናን ይተዋል። ከፊቱ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም አልፎ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ። አዲስ አበባ መጽሐፍ ያተመችበትና ያነበበችበት አንዱ ዋና ሰፈር ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የድልድዩ ስም ራሱ ወደ ሌላ የመጻሕፍት ከተማ ይመራናል። ራስ መኮንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በ1898 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ የሐረር ገዥ ነበሩ። ሐረር ደግሞ ከእርሳቸው ዘመን አስቀድሞ ኪታብ በመገልበጥና በመጠረዝ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማይቱን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የሐረርን የመጽሐፍ ጥረዛ አመስግኖ ጽፏል።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በራስ መኮንን ድልድይ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃውን ይመርጣል፤ የሚጠቅመውን ይጭናል፣ የማይጠቅመውን ይተዋል። በብዙ አሮጌ የሙስሊም ቤቶች ከአያት የተወረሰ የኪታብ ሳጥን እንደሚገኝ መምህራንና ኢማሞች ያውቃሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ የሞቱት ባለቤት ብቻ ነበሩ። ከተማ ስትፈርስና ስትሠራ የሳጥኑ ዕጣ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን። መልሱንም በቤተ መጻሕፍት ሙያ ታሪክ ውስጥ ፈልገናል።

ሳጥኑና ወራሾቹ

በአገራችን የእስልምና ትምህርት ለዘመናት የቆመው በሐሪማና በመስጊድ ነው። ደረሳው ከአገር አገር እየዞረ፣ ከአንዱ ሼኽ ፊቅህን፣ ከሌላው ነህውን፣ ከሦስተኛው ተፍሲርን እየቀራ፣ የቀራውን ኪታብ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ስለዚህ የአንድ ዓሊም የኪታብ ሳጥን የሕይወት ታሪኩም ጭምር ነው። በየኪታቡ ኅዳግ የሰፈረው ማብራሪያ ከማን እንደተማረ፣ በመጨረሻው ገጽ የሰፈረው የገልባጩ ማስታወሻ ደግሞ የት፣ መቼና ለማን እንደተገለበጠ ይናገራል።

ዓሊሙ ሲሞት ግን ሳጥኑ የሚራስ ንብረት ይሆናል። ኪታቡ እንደ በሬውና እንደ መሬቱ ለወራሾች ይከፋፈላል። አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ጥራዝ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይወስዳል። የልጅ ልጆች ዐረብኛ የማያነቡ ከሆኑ ኪታቡ ለበረካ የሚቀመጥ ዕቃ ይሆናል፤ ቀጥሎም ምስጥ የሚበላው ወይም ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሚሸጥ ይሆናል። ይህን ያህል ጉዳት የሚደርሰው ክፉ የሚያስብ ሰው ኖሮ አይደለም። ሁሉም መብቱን ወስዶ፣ ኪታቡ ግን ባለቤት አልባ ስለሚሆን ነው።

ሸሪዓ ለዚህ ችግር ወቅፍን አዘጋጅቷል። ወቅፍ የተደረገ ነገር አይሸጥም፣ በስጦታ አይተላለፍም፣ አይወረስም፤ ጥቅሙ ብቻ ለተወሰነለት ዓላማ ይውላል። የሚንቀሳቀስ ንብረትን ወቅፍ ማድረግ በሻፊዒ መዝሀብ የተፈቀደ ነው። በሐነፊ መዝሀብም ኢማም አቡ ሐኒፋ ባይፈቅዱትም ደቀ መዝሙራቸው ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን አሽ-ሸይባኒ በልማድ ወቅፍ የሚደረገውን ፈቅደዋል፤ ኪታብም ከዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ስለሚገኙ ለኢማሞቻችን መንገዱ ክፍት ነው።

ይሁን እንጂ ወቅፍ የሚመልሰው የባለቤትነትን ጥያቄ ነው። ኪታቡን ማን ያውቀዋል፣ ማንስ ያገኘዋል የሚለውን አይመልስም። ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መዝገብ ነው።

ከባግዳድ የመጣ ጥበብ

የቤተ መጻሕፍት ሙያ ከምዕራባውያን የተቀዳ ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ከፊሉ እውነት ቢሆንም ሙሉው አይደለም። በ377 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ987 ማለት ነው፣ በባግዳድ የመጽሐፍ ገልባጭና ነጋዴ የነበረው ኢብን አን-ነዲም «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ሥራ አዘጋጀ። በዘመኑ በዐረብኛ የተጻፉትን መጻሕፍትና የደራሲዎቻቸውን ታሪክ በአሥር ምዕራፎች ከፋፍሎ መዘገበ። በቋንቋዎችና በፊደላት፣ በወረዱ መጻሕፍትና በቁርኣን ጥናቶች ጀምሮ ነህውን፣ ታሪክን፣ ግጥምን፣ ዒልም አል-ከላምን፣ ፊቅህንና ሐዲስን፣ ፍልስፍናን እያስከተለ ይሄዳል። ከመዘገባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። መኖራቸውን ያወቅነው ስማቸው በዚህ መዝገብ ውስጥ ስለተገኘ ነው።

ከርሱ በኋላ የመጡት አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (392–463 ዓመተ ሂጅራ) የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አልነበሩም፤ የሐዲስ ሊቅ ነበሩ። ሆኖም የዛሬው ባለሙያ ዕለት በዕለት የሚገጥመውን ችግር በትክክል ለይተው ጽፈዋል። «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» በተባለው ሥራቸው አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን የተለያዩ ዘጋቢዎች ለዩ። «ሙዲሕ አውሃም አል-ጀምዕ ወት-ተፍሪቅ» በተባለው ሥራቸው ደግሞ አንዱን ሰው በስሞቹ ብዛት ምክንያት እንደ ሁለት ሰው የቆጠሩትን፣ ወይም ሁለቱን ሰዎች በስም መመሳሰል እንደ አንድ የቆጠሩትን ሰዎች ስሕተት አረሙ። ሐዲሱ ተቀባይነት የሚያገኘው ዘጋቢው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ስለሆነ ጉዳዩ የስም ጨዋታ አልነበረም።

አል-ኸጢብ ኪታቦቻቸውን ለሙስሊሞች ወቅፍ እንዳደረጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ኪታቦቹን የተረከበው አደራ ጠባቂ ሲሞት ወደ ልጁ ተላለፉ፤ በልጁም ቤት ሳሉ በእሳት ተቃጠሉ ይባላል። የደረሷቸው ሥራዎች ዝርዝር ግን በታሪክ ጸሐፊዎች እጅ ተጠብቆ ስለቆየ ምን እንደጻፉ ዛሬም እናውቃለን። ወቅፉ ኪታቡን ከወራሾች አዳነ፤ ከእሳት ግን ሊያድነው አልቻለም። ከእሳት በኋላ የቀረው መዝገቡ ነው።

ዘመናዊው ሙያ ያከለው

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ክፍሎች፣ እያንዳንዱንም በአሥር ንዑስ ክፍሎች የሚመድብ የቁጥር ሥርዓት አሳተመ። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ባለሙያው ቢለወጥም መጽሐፉ በዚያው ቁጥር ይገኛል። ነገር ግን ምደባው የአዘጋጁን ዓለም ይመስላል። ሃይማኖት ከ200 ጀምሮ ያለውን ቁጥር ሲይዝ የሚበዛው ለክርስትና ጉዳዮች የተሰጠ ነው፤ እስልምና በሙሉ 297 በሚለው ቁጥር ሥር ተጠቃሏል። ኢብን አን-ነዲም የዓለሙን ሥርዓት እንደጻፈ ሁሉ ዲዊም የዓለሙን ጻፈ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምደባ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ተፍሲር፣ ሐዲስ፣ ፊቅህ፣ ተውሒድና ነህው የሞሉት የመስጊድ መደርደሪያ በራሱ የትምህርት ቅደም ተከተል ቢደረደር ሙያውን አይቃረንም። የሚያስፈልገው ሥርዓቱ በጽሑፍ መቀመጡና በየጊዜው አለመለወጡ ነው።

ሕንዳዊው ራንጋናታን ሙያውን መርሕ ሰጠው። በማድራስ የሒሳብ መምህር የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1924 የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። በ1931 ባሳተመው ሥራ አምስት ሕግጋት አስቀመጠ። እኛ በራሳችን አነጋገር ስንገልጻቸው መጽሐፍ የሚኖረው ለአገልግሎት ነው፤ ለየአንባቢው የሚስማማው መጽሐፍ አለ፤ ለየመጽሐፉም አንባቢ አለው፤ የአንባቢው ጊዜ ይቆጠብ፤ ቤተ መጻሕፍትም እያደገ የሚኖር ነገር ነው። ደረሳ ያስተማረ ሼኽ እነዚህን ሲሰማ እንግዳ አይሆኑበትም። ኪታብ ቆልፎ ማስቀመጥ ዕውቀትን መደበቅ እንደሆነ ሲያስተምር ኖሯልና።

በአገራችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ አረጋውያን እስከ ዛሬ «ወመዘክር» ይሉታል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎ ተቋቋመ፤ በብራና ጽሑፎችና በኢትዮጵያ ነክ መጻሕፍት ስብስቡ የታወቀ ሆነ። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 ደግሞ የአገሪቱን የጽሑፍ ቅርስ መጠበቅን በሕግ ደነገገ። በነዚህ ተቋማት ባለሙያዎቻችን አንድ ትልቅ ጥያቄ ገጠማቸው፤ የኢትዮጵያዊ ስም እንዴት ይመዘገባል?

ስም፣ ፊደልና ዘመን

አውሮፓዊው ካታሎግ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። የእኛ ስም የራስና የአባት ነው፤ የአባቱን ስም አስቀድሞ መመዝገብ ልጁን ትቶ አባቱን ደራሲ ማድረግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የካታሎግ መርሆዎች ጉባኤ የደራሲ ስም በተቻለ መጠን በአገሩ ልማድ ይመዝገብ የሚል መርሕ አጸደቀ። በዚህ መሠረት ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም ይመዘገባል።

ለዑለማዎቻችን ግን ይህ ብቻ አይበቃም። የወሎን የእስልምና ታሪክ ሊቁ ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አጥንተውታል። ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ፣ ሐጂ ቡሽራ በገታ፣ ሼኽ ጀማሉዲን በአና ይታወቃሉ። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ የሚጠራቸው በማዕከሉ ስም ነው፤ የማዕከሉ ስም ደግሞ ለተተኪውም ይተላለፋል። ስለዚህ «የእገሌ አገር ሼኽ» የሚል ማስታወሻ የአያቱም፣ የልጅ ልጁም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰው በአንዱ ኪታብ በስሙና በአባቱ ስም፣ በሌላው በአገሩ፣ በሦስተኛው በቅጽል ስሙ ይጠራል። አል-ኸጢብ ያረሙት የጀምዕና የተፍሪቅ ስሕተት በእኛ መደርደሪያ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል ማለት ነው። የዘመናዊው ሙያ መፍትሔ አጭር ነው። ከስሞቹ አንዱ እንደ ዋና ይመረጥ፤ የቀሩት ሁሉ ይመዝገቡና ወደ ዋናው ይምሩ። ሼኽ፣ ሐጂ፣ ሙፍቲ የሚሉት ማዕረጎች ከስሙ በኋላ ይቀመጡ፤ አለዚያ የአገሩ ዑለማ ሁሉ «ሸ» በሚለው ፊደል ሥር ይሰለፋል።

የፊደል ጉዳይም አለ። ቁርኣን፣ ቁርአን፣ ቁርዓን፤ ሼኽ፣ ሸይኽ፣ ሼህ፤ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ እየተባለ ይጻፋል። ማንበቡ አያስቸግርም፤ በፊደል ተራ ሲደረደር ግን «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ሐሰን የሚል ስም «ሀ» ሥር የፈለገ ሰው አጥቶ ይመለሳል፤ በኮምፒውተርም ቢሆን ማሽኑ ካልተነገረው ሁለቱን እንደ አንድ አይቆጥርም።

ሦስተኛው ዘመን ነው። በ1961 ዓ.ም. የወጣው የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1968 ወይም 1969፣ በሂጅራ 1388 ወይም 1389 ነው። መዝጋቢው የትኛውን ዘመን እንደጻፈ ካላሳየ አንዱ መጽሐፍ የሦስት ዘመን መጽሐፍ ይመስላል። ኪታቡ ላይ ያለው ቀን እንደተጻፈ ይገልበጥ፤ ማነጻጸሪያው ከጎኑ በሌላ መስመር ይቀመጥ።

አንድ ኪታብ፣ ሁለት ባይተዋርነት

ከሁሉ የሚከብደው የአጀሚ ጽሑፍ ነው። ሊቃውንቶቻችን በዐረብኛ ፊደል አማርኛን፣ ሐረሪን፣ ኦሮምኛንና ሌሎችንም ቋንቋዎች ጽፈዋል። የሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማዎች ለዚህ የታወቁ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ዐረብኛ የሚያውቀው መዝጋቢ ፊደሉን አይቶ ይጀምረዋል፤ ቃሉ አይገባውም። አማርኛ የሚያውቀው መዝጋቢ ፊደሉን ስለማያነብ ለዐረብኛ ክፍል ያስተላልፈዋል። ሁለቱም በቅንነት ይሠራሉ፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን አንድ ምዕራፉን ያጣል። ስለዚህ መዝገብ ላይ ቋንቋና ፊደል ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ሊሆኑ ይገባል። ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ነው፤ እርሱም በአብዛኛው የመስጊድ መምህር ነው።

ባለፉት ዓመታት ጥሩ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኦፋሂ አዘጋጅነት የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሙስሊሞችን ድርሰቶች የሚዘረዝር ትልቅ ጥራዝ ወጣ። በ2014 አሌሳንድሮ ጎሪና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙትን የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር አሳተሙ። በሐረር አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ የተሰበሰቡ ኪታቦችን ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ በሚገኘው ሙዚየማቸው አስቀምጠዋል፤ የጥረዛውንም ጥበብ ዳግም እንዲነሣ አድርገዋል። የራስ መኮንን ልጅ ስም በያዘ ቤት የሐረር ኪታቦች መጠለያ ማግኘታቸው ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ከሆነው ድልድይ ጋር የሚያስተሳስር ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን የመዘገቡት ወደ ተቋም የገባውን ነው። በየመስጊዱ ቁም ሣጥንና በየቤቱ ሳጥን ያለው ገና ስም አላገኘም። እርሱን ለመመዝገብ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ሳጥኑ እስኪጠፋ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

በእጃችን ያለ ሥራ

ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይበቃዋል። ዘጠኝ ዓምዶች ይሰመሩ፦ ተራ ቁጥር፤ የኪታቡ ስም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ገጽ እንደተጻፈ፤ የደራሲው ስም ከነቅጽሎቹ ሁሉ፤ የገልባጩ ስም፤ የተገለበጠበት ቀንና ቦታ፤ ቋንቋና ፊደል ለየብቻ፤ የባለቤትነት ወይም የወቅፍ ማስታወሻ፤ የቅጠሎቹ ብዛትና የደረሰባቸው ጉዳት። በአንድ ጥራዝ ውስጥ ብዙ ድርሰቶች ከተጠረዙ ለየድርሰቱ አንድ መስመር ይሰጠው፤ ቁጥራቸው ግን አንድ ይሁን። የማይታወቀው ዓምድ ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ። ሐዲስን በግምት የሚያስተላልፍ ዘጋቢ ምን እንደሚባል ኢማሞቻችን ያውቃሉ።

ጥንቃቄም አለ። በጽሑፉ ላይ ማኅተም አይመታ፤ የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፤ የተበተኑ ቅጠሎች ከነተራቸው በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው ይቀመጡ እንጂ «ትርፍ» ተብለው አይጣሉ። የደብተሩ ቅጂ ከመስጊዱ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። የአል-ኸጢብ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

የኪታቡ ባለቤት በሕይወት ካሉ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቁ። አንደኛው፣ ኪታቡ ከማን እንደደረሳቸው፤ ይህን የሚነግረን ሌላ ምስክር የለም። ሁለተኛው፣ ከእርሳቸው በኋላ ለማን እንደሚሆን፤ ወቅፍ ሊያደርጉት ከወደዱ በምስክር ፊት ተጽፎ፣ በኪታቡ ሳይሆን በተለየ ወረቀትና በመዝገቡ ይስፈር። ኪታቡን ከቤታቸው ማውጣት ግዴታ አይደለም። ኪታቡ እቤታቸው እንዳለ ስሙ በመዝገብ መኖሩ ብቻ ወራሾቻቸው ምን እንደወረሱ እንዲያውቁ ያደርጋል።

ይህን ሥራ አማና ብለን የጠራነው ለማስዋብ አይደለም። አደራ የሚመለሰው ምን እንደተቀበልን ስናውቅ ነው። ዑለማዎቻችን በእጃቸው ገልብጠው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከጅማ ያሻገሩትን ቅርስ እኛ ተቀብለናል፤ የተቀበልነውን ግን አልቆጠርነውም። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ሰፈር ከሄደው የቤት ዕቃ ጋር ስንት ሳጥን እንደሄደ፣ ስንቱስ እንደቀረ ሊነግረን የሚችል ዝርዝር የለንም። ለሚቀጥለው ሰፈር ግን ሊኖረን ይችላል፤ የመጀመሪያው መስመር ዛሬ ከተጻፈ።